የዕንቁ መንደር ጥጃ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ ገረሱ፣

ሰላም ነህ ወይ? እትዬ ጸሐይነሽ ደህና ናት? ቃናኒዬስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ለሥራ አሶሳና አዲስ አበባ የሚመላለሰው ዳምጠው ደብዳቤህን ቢሮዬ ድረስ ይዞልኝ መጣ። የታሸገ ፖስታ ሲያዩ የቢሮው ልጆች ሁሉ ከበቡኝ፤ በዚህ ዘመን ከአሶሳ በአውሮፕላን ወረቀት የሚልክ ወንድም ያላት እኔ ብቻ ነኝ። የማኅደር ክፍል ሰው ማለት እንዲህ ነው አልኳቸው። ግን ለምን በስልክ እንዳልደወልክ ገርሞኛል፤ ስልኩም ጥሪ አይቀበልም።

«ለአንድ የቢሮ ባልደረባዬ ነው» ብለህ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ባልደረባህ ልጁ የምትጫወተው «ዕንቁ መንደር» የሚባል የስልክ ጨዋታ በነፃ የሚገኝ ከሆነ ባለቤቶቹ እንጀራቸው ከየት ነው ብሎ ግራ ገብቶታል። ይግባው፤ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ነፃ የሆነው መግቢያው ነው። ከሚገባው ሰው አብዛኛው ሳንቲም ሳያወጣ ተጫውቶ ይወጣል። ጥቂቱ ይከፍላል፣ ያ ጥቂት ሰው የሁሉንም ይሸፍናል። ስለዚህ ጨዋታው ሲሠራ የሚታሰበው እነዚያ ጥቂቶቹ እንዴት እንደሚያዙ ነው። ቤት ትሠራለህ፣ ቤቱ እስኪያልቅ ጠብቅ ትባላለህ። መጠበቅ ካልፈለግክ በዕንቁ ይጨረሳል፤ ዕንቁ ደግሞ በእውነተኛ ብር ይገዛል። ሣጥንም አለ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ከፍለህ እስክትከፍተው አይታወቅም። አንዳንዴ ጥሩ ነገር ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቶ ፈንቶ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው በአማርኛና በኦሮምኛ የጻፍነው እኛ ስለሆንን ነው። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ የእኛ ቢሮ ጽሑፉን እየተረጎመ ይመልስላቸዋል። አንዲት ጥጃ አለች፤ ተጫዋቿ ልትወጣ ስትል «ጥለሽኝ አትሂጂ» የምትል። ያቺን ቃል የጻፍኳት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው ከዚህ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ አለቃዬ ሆድ የሚያባባ አድርጊው አለኝና አደረግኩት። ቃናኒ ይህን ስነግራት በስልክ ውስጥ ስትስቅ አልረሳውም። ለጓደኞቿ ሁሉ «የአክስቴ ጥጃ» ትላት ነበር።

ባልደረባህ ደግሞ «ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚለው ምልክት አናድዶታል። የሦስት ዓመት ሕፃን ከየት አምጥታ ልትከፍል ነው ብሏል። ምልክቱ የሚሰጠው እንዲህ ነው፦ የጨዋታው ባለቤት ራሱ መጠይቅ ይሞላል። ደም አለው? የለውም። እርቃን አለው? የለውም። ስድብ፣ መጠጥ፣ ሲጋራ? የለም። መጠይቁን ያየ ኮምፒዩተር ለሕፃን ይሆናል ይላል። የሚታየው ነገር ነው ዕድሜ የሚወጣለት። ከኪስ ስለሚወጣው ከታች በደቃቅ ፊደል «በውስጡ ግዢ አለ» ተብሎ ይጻፍና ያልፋል። ዋናው ማጣሪያ ሌላ ነው፤ አካውንት ሲከፈት የትውልድ ዓመት ይጠየቃል። አሥራ ሦስት ያልሞላት ልጅ አትገባም።

ጋሼ፣ አሁን እኔም ልጠይቅህ። ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ የምትጽፍ ሰው አይደለህም። ያ ባልደረባህ ቃናኒ የምትባል ልጅ አለችው እንዴ?

እህትህ ሜቲ


አሶሳ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሜቲ፣

የጌታ ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን እያልኩ፣ እኛ በሕይወት አለን። ዝናቡ አቁሟል፤ መንገዱ አቧራ መልበስ ጀምሯል። ባልደረባዬ እኔው ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በራሴ ስም ልጽፈው ሞክሬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። በስልክ ያልደወልኩት ስልኩ ስለሌለ ነው። በሰው ስልክም ብደውል ልጅቷ ከአጠገቤ አትርቅም፤ የምናገረውን ሁሉ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

ጸሐይነሽ የገበያ ሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ መሆኗን ታውቂያለሽ። የእድሩ ገንዘብ በእሷ ስልክ፣ በቴሌብር ነበር የሚቀመጠው። መስከረም መጨረሻ ላይ የወይዘሮ ዋፋ ባል ሞተ። ዋፋ ከጸሐይነሽ ጎን ባሚያ የምትሸጠው የበርታ ሴትዮ ናት፤ አሶሳ ስትመጪ አይተሻታል። የሙስሊም ቀብር አይቆይም። ሴቶቹ ተሰብስበው ለከፈኑና ለለቀስተኛው ገንዘቡን አውጪ አሏት። ጸሐይነሽ መሀላቸው ቆማ ስልኩን ከፈተች፤ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ምን አለች መሰለሽ? «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እመልሳለሁ።» ያንን ስልክ ከእሷ ሌላ የሚይዘው፣ የምስጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው ማን እንደሆነ ወዲያው ገብቷት ነበር። በገበያ ፊት ልጄ ሌባ ከምትባል እኔ ልባል ብላ ነው። ቢሆንም ቃሉን ተናግራዋለች፣ ሁሉም ሰምቷል።

ከዚያ የባሰው መጣ። የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነገረኛ ሴት አይደለችም፤ በደንቡ መሠረት ገንዘቡ የት እንደሄደ ዝርዝሩ ይታይ አለች። ታየ። ሁሉም የተላከው በተለያየ ቀን ለአንድ ሰው ነው፤ በቃሉ ለሚባል ወንድ። አሶሳ ውስጥ የሚያውቀው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያው ውስጥ ስለ ሚስቴ የሚባለውን እዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

ልጅቷ የዚያኑ ዕለት አልቅሳ ነገረችኝ። ከዚህ ሆኖ በቀጥታ መክፈል ስለማይቻል ዕንቁውን አዲስ አበባ ያለ ሰው በቴሌግራም ይሸጣል፣ ገንዘቡን በቴሌብር ይቀበላል አለች። እኔ ንግግሯን ሳትጨርስ ተነሥቼ ስልኩን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በድንጋይ አደቀቅኩት። ከስልኩ ጋር ጨዋታውም ሄደ። አካውንቱን የከፈተልን የስልክ ቤቱ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እሱም አያስታውሰውም።

ሞተር ሳይክሌን ሸጬ ገንዘቡን መልሻለሁ፣ ስለ እሱ አትጨነቂ። የቀረው የጸሐይነሽ ስም ነው። ከገና በኋላ ባለው እሑድ እድሩ ይሰበሰባል፤ ትቆይ ወይስ ትሰረዝ የሚለውን በእጅ ብልጫ ይወስናሉ። እኛ እዚህ ዘመድ የለንም። ከእድር የተሰረዘ ሰው ቢሞት ማን ደጁን ይረግጣል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ ከጨዋታው ባለቤቶች ዕንቁ ወደ ቃናኒ መንደር የገባበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አምጪልኝ። ቀኖቹ ከቴሌብሩ ጋር ከገጠሙ የሁሉም አፍ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ይህን በቃሉ የተባለ ሰው ፈልጊልኝ። ወጣት ነው ሽማግሌ? ሚስት አለው? ከዚህ በፊት ወደ አሶሳ መጥቶ ያውቃል? ዕድሜው ስንት ይሆናል? ይህን የምጠይቀው ለሴቶቹ ብዬ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። እኔ ሚስቴን አውቃታለሁ።

መጻፌን ጸሐይነሽ አታውቅም።

ወንድምሽ ገረሱ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ ምንም አልሠራሁም። ያቺ ጥጃ ኮምፒዩተሬ ላይ ስትመጣ ዓይኔን ዞር አደርጋለሁ። ይቅርታ ልበልህ ብዬ ጀምሬ ለምኑ እንደሆነ አጣሁት፤ ለሁሉም ይሁን።

በቃሉን አገኘሁት። በቴሌግራም ዕንቁ ልግዛ ብዬ ጻፍኩለት፣ ቀጠረኝ። ጋሼ፣ ሰውዬው ሰውዬ አይደለም። ፂሙ ገና አጉል አጉል ቦታ ላይ የበቀለ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ይኖራል። ከውጭ በጅምላ ይገዛና ትርፍ ጨምሮ ይቸረችራል። አሶሳ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አያውቅም፤ ጋምቤላ አጠገብ ናት አይደል ብሎኛል። ልጅ ናት የገዛችህ ስለው ደነገጠ። «አካውንቷ ሃያ ዓመት ይላል እኮ» አለኝ። ወረቀት ጻፍልኝ ብለው እንቢ አለ። ፈቃድ የሌለው ንግድ ስለሆነ ይፈራል፤ ስልኩንም ቀይሯል፣ የድሮው መልእክት የለውም። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ደግሞ ልንገርህ፦ ስለ ዕድሜው የጠየቅከኝ አንዴ ብቻ አይደለም። ወጣት ነው ሽማግሌ አልክ፣ ሚስት አለው አልክ፣ ዕድሜው ስንት ነው አልክ። ሁሉንም አይቼልሃለሁ። አሁን ይብቃህ።

ስለ ዋናው ነገር። አለቃዬ የባለቤቶቹን የደንበኞች አገልግሎት አድራሻ ሰጠኝ፣ ጻፍኩላቸው። የመንደሯን ስም ስነግራቸው አገኙት። ዕንቁ የገባበትን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘውታል፤ ነገር ግን የሚሰጡት ለባለ አካውንቷ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ስሟና የትውልድ ዓመቷ ነው። እነሱ ጋ ያለው ሰኔ 2005 ይላል፣ በእነሱ አቆጣጠር። ሃያ ዓመት የሞላት ሴት ማለት ነው።

መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ። የስልክ ቤቱ ልጅ ዓመቷን ሲጠይቅህ እንደኛ ነገርከው፣ እሱም እንደነገርከው ጻፈው። የእነሱ 2005 የእኛ 1997 ነው። ገባኝና ለብቻዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ። ያ ማጣሪያ ያልኩህ ነገር ቃናኒን ያየው እንደ ትልቅ ሰው ነው። ሣጥኑን፣ ግዢውን፣ ከማያውቋት ሰዎች ጋር ወሬውን ሁሉ ወለል አድርጎ የከፈተላት ለዚህ ነው። ማንም አልዋሸም።

አሁን የምመክርህን ስማኝ። ዝም እንበል። እነሱ ሃያ ናት ካሉ ሃያ ናት ብዬ በቃናኒ ስም እጽፋለሁ፣ በሳምንት ውስጥ ወረቀቱ ይደርሰናል። ልጅ ናት ካልን ግን ሌላ በር ነው የምናንኳኳው። ስለ ልጆች ያላቸው ደንብ ብዙ ነው፤ ሁሉንም አላነበብኩትም፣ ደስ አይለኝም። ያንተን ቃል ሳላገኝ አንድ ነገር አላደርግም።

እትዬ ጸሐይነሽ ምን ትላለች? ስለ ዋፋም ስለ ወለተሥላሴም ጽፈህልኝ እሷ ምን እንደምትል አልጻፍክም።

ሜቲ


አሶሳ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ስለ ድካምሽ እግዚአብሔር ይክፈልሽ። ልጄ ግን ሃያ ዓመቷ አይደለም።

የስልክ ቤቱን ቀን አስታውሰዋለሁ። ልጁ አንገቱን እንዳቀረቀረ «ወር?» አለኝ፣ ሰኔ አልኩት። «ዓመት?» አለኝ፣ ሁለት ሺህ አምስት አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? በመሥሪያ ቤታችን ያለ ማኅደር ሁሉ ዓመተ ምሕረት ነው። የፈረንጁን የምንጽፈው ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ሲኖር ነው፣ ያን ጊዜም ከጎኑ እንጠቅሰዋለን። የጸሐይነሽ ስልክ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ያልሽውን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አይሆንም። የውሸቱን ኃጢአት ተዪው፣ እሱን ከጌታ ጋር እጨርሳለሁ። ወረቀቱን አስቢው። ሃያ ዓመት የሞላት ሴት ዕንቁ ገዛች የሚል ወረቀት ይዤ ወለተሥላሴ ፊት ስቀርብ፣ ይህች ሴት ማን ናት ብትለኝ ምን እላለሁ? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን አቁሜ ይህች ናት ልበል? በአንድ ማኅደር ውስጥ አንድ የተሳሳተ ዓመት ከተገኘ መዝገቡ በሙሉ ይወድቃል። ይህን ስሠራ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ከዚያ በኋላ ሐሰተኛ ሰነድ አሠሩ ይሉናል፣ የጸሐይነሽ ነገር አበቃ ማለት ነው።

እውነቱን ጻፊላቸው። በስህተት ነው በይ፣ ዘመኑ ተምታቶ ነው በይ። የልደት ምስክር ወረቀቷን ልኬልሻለሁ፤ በሁለቱም ዘመን የተጻፈ ነው፣ ማኅተሙም ይነበባል። ዓመቷን ያርሙና ወረቀቱን በትክክለኛ ዕድሜዋ ይስጡን።

ጸሐይነሽን ጠይቀሽኛል። ደህና ናት። ሰሊጧን ትሸጣለች፣ ደንበኛ ግን ቀንሷል። ከልጅቷ ጋር ነው የምትተኛው፤ ልጅቷ ስለምትቃዥ ነው። ከእኔ ጋር ብዙ አናወራም። መጻፌን አውቃለች፤ «ለምን ትለፋለህ?» አለችኝ። ላንቺ ብዬ ነው አልኳት። ሰሊጧን ማበጠሯን ቀጠለች። ወረቀቱ ሲመጣ ይገባታል።

ዋፋ ግን መምጣቷን አልተወችም። ባሏ ሞቶባት እሷ እኛን ታጽናናለች፤ ሰላም በልልኝ ብላሻለች። ስለ በቃሉ የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ። ተማሪ ነው አልሽ፤ መልኩስ ምን ይመስላል? ሴቶቹ ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

ወንድምሽ ገረሱ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ ገረሱ፣

እንዴት ከረማችሁ? እዚህ ብርዱ ለጉድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ አልታዘዝ እያለኝ ነው የምጽፈው። የቤት አከራዬ ልጇን ዳረች፣ ግቢው ሁለት ቀን ሙሉ ድንኳን ነበር። ለቃናኒ ሹራብ ገዝቻለሁ፣ ለአሶሳ ሙቀት እንደማይሆን ታውቆኝም ገዛሁት፤ ዳምጠው ይዞላት ይመጣል። ዳምጠው አንዴ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። ደብዳቤ የለም አልኩት፤ ነበረኝ፣ ቀድጄው ነው።

እንግዲህ ልንገርህ። እንዳልከኝ ጻፍኩላቸው። የልደት ምስክር ወረቀቷን አያያዝኩ፣ ዘመኑ እንዴት እንደተምታታ አስረዳሁ። ለወትሮው ለመልስ ቀናት የሚፈጅባቸው ሰዎች በማግሥቱ መለሱልኝ። መጀመሪያ አመሰገኑኝ። ስለ ልጆች ደህንነት ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን አሉ። አካውንቱ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ መሆኑን አረጋግጠናል፣ ስለዚህ በደንባችን መሠረት ዘግተነዋል አሉ። የልጅ መረጃ ይዘን መቆየት ስለማይፈቀድልን መንደሩን፣ የዕንቁውን ዝርዝር፣ ያወራቻቸውን ሁሉ ደምስሰናል፤ ሊመለስ አይችልም አሉ።

ጋሼ፣ ለመንኳቸው። ዝርዝሩን ብቻ ስጡኝ አልኩ። የለም አሉ። እሺ እንደነበረ የሚገልጽ አንዲት መስመር ጻፉልኝ አልኩ። ስለሌለ ነገር መጻፍ አንችልም አሉ። የላኩልኝ መልስ ላይ ስሟ እንኳ የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ለወለተሥላሴ ብታሳያት ስለማን እንደሆነ አይታወቅም። ሃያ ዓመቷ ሳለ ሁሉ ነገር ነበራት፤ ልጅ መሆኗን ባመኑ ቀን ምንም የላትም። የተሠራው እሷን ለመጠበቅ ነው፤ ደንቡን አሁን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ቃል በቃል እንዲያ ይላል። ሳልጽፍላቸው ማንበብ ነበረብኝ።

አንተንም አልወቅስህም። ያልከው ሁሉ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

አለቃዬን ያቺን የጥጃዋን ቃል ብናለዝባትስ ብዬ ጠየቅኩት። ከሁሉ በላይ ሰው የምታስቀረው እሷ ናት፣ አትነካም አለኝ።

አሁን የቀረህ ወረቀት የማይጠይቅ ነገር ነው። ስብሰባው ሳይደርስ እትዬ ጸሐይነሽ አጠገብ ተቀመጥና አምንሻለሁ በላት። ለእኔ ጽፈህልኛል፤ ለእሷስ ነግረሃታል? ስለ በቃሉ መልክ የጠየቅከኝን አልመልስልህም።

ሜቲ


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሜቲ፣

ደብዳቤሽና ሹራቡ ደርሰውኛል። ሹራቡ በልኳ ነው። እውነት ጽፈሽ ይህ ከሆነ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ይቅር በዪኝ። ስብሰባው በመጪው እሑድ ነው። እኔም ገብቼ ልናገር ብዬ ጠይቄ፣ የሴቶች እድር ነው ተብያለሁ።

ጸሐይነሽ ደህና ናት። መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

መልካም ገና።

ገረሱ


አሶሳ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሜቲ፣

ሰላም ነሽ? ይህን ደብዳቤ አባዬ አላየውም። እትዬ ዋፋ ናት ለጋሽ ዳምጠው የምትሰጥልኝ። ሹራቡን ወድጄዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

አባዬ የሚጽፍልሽ አይመስለኝም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ። እሑድ እማዬ ወደ እድሩ ስትሄድ ቤት ቁጭ በይ አለችኝ። ተከትያት ሄድኩ። ስለ እሷ መነጋገር ሲጀምሩ በሴቶቹ መሀል ገብቼ ቆምኩና «ገንዘቡን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ አታውቅም» አልኩ። እማዬ «ቃናኒ፣ ውጪ» አለች። እትዬ ወለተሥላሴ ግን ተዪያት ትናገር አለቻትና በቀስታ ጠየቀችኝ። «ምን ገዛሽበት የኔ ልጅ?» አለችኝ። ዕንቁ አልኳት። «የት አለ?» አለችኝ። ስልኩ ውስጥ ነበር፣ አሁን ጠፍቷል አልኳት። አንዷ ከኋላ «ጨዋታው በነፃ አይደለም እንዴ? የኔም ልጅ ይጫወተዋል» አለች። አዎ በነፃ ነው አልኳት፣ ነው እኮ። እርስ በርስ ተያዩ። በቃሉ የሚባለውን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ። አይቼው አላውቅም አልኩ። ያን ጊዜ «አስጠንታት ነው» አለች ሌላዋ።

እትዬ ወለተሥላሴ ወደ እማዬ ዞራ፣ «ገንዘቡን መልሰሻል፣ ስለ እሱ ቅሬታ የለኝም። ባንቺ ጥፋት ልጅ ከፊት ማቆምሽ ግን አሳዝኖኛል» አለቻት። እማዬ እኔን ብቻ ነው የምታየው። እትዬ ዋፋ ብድግ አለችና እንደለመደችው ሴቱን ወንድ እያደረገች ተናገረች። «ወላሂ ጸሐይነሽ ሌባ አይደለም። ልጁም አይዋሽም። ባል የሞተው የኔ ነው፣ ገንዘብ ያጣው የኔ ለቅሶ ነው። እኔ ይቅር አልኩ፣ እናንተ ምን ሆናችሁ?» አለች። ተቀመጪ አሏት። ከዚያ እጅ አወጡ፤ ብዙ እጅ ነበር። እማዬን ሰረዟት። እኔ ባልናገር ኖሮ ሳያምኗትም ቢሆን ይቅር ይሏት ነበር መሰለኝ።

ቤት ስንገባ አባዬ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ሲሰማ ራሱን ይዞ «ምነው ያ ወረቀት በተገኘ ኖሮ» አለ። እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ «ሴቶቹስ ይሁን፣ እነሱ ቤቴ አልኖሩም። አንተ ግን ወረቀት ጠበቅክ» አለችው። እማዬ ቆማ ጠበቀችው፤ አንድ ነገር ቢላት ትቀመጥ ነበር። አባዬ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው።

ባምባሲ እህቷ ጋ ልሄድ ነው አለችኝ። እስኪበርድልኝ ነው አለች። ግን ሚዛኗን ጠቅልላዋለች። ሚዛኗን ይዛ ከሄደች እዚያ ልትሸጥ ነው ማለት ነው። አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ያኔ እወስድሻለሁ አለችኝ።

በመሄጃዋ ዋዜማ ጠራችኝና «እስቲ የገዛሽውን አሳዪኝ» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም። አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር። የእትዬ ዋፋን ልጅ ስልክ ለምኜ ጨዋታውን አወረድኩት። መንደሬ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ መንደር ጀምሬ ቤቶቹ ምን እንደሚመስሉ፣ ጥጃዋንም ላሳያት ብዬ ነው። ገና ስከፍተው የትውልድ ዓመት አስገቢ አለኝ። የትኛውን ልጻፍ አልኳት። «ትክክለኛውን ጻፊ» አለችኝ። ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ብዬ በፈረንጁ ጻፍኩ። ዕድሜሽ አልደረሰም ብሎ ተዘጋ። እማዬ ስልኩን ተቀብላኝ ብዙ አየችው። «አሁን ጠየቀ» አለችና መለሰችልኝ።

ጠዋት ባጃጁ መጣ። አባዬ ጆንያዎቹን ጫነላት፣ ደህና ሁኚ አላት፣ እሷም ደህና ሁን አለችው። እኔን አቅፋኝ ቆየች። ጥለሽኝ አትሂጂ ልላት ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጥጃዋ ሁልጊዜ የምትለው እሱን ነው። አንቺ የጻፍሽላት ቃል ስለሆነ አፈርኩ፤ እውነቴን እንደሆነ አታውቅም ብዬ ፈራሁ። ሚዛኑን አቀበልኳትና ባጃጁ ሄደ።

ቃናኒ ገረሱ
ስድስተኛ ክፍል